በቲማቲም ቤት የተገኙ

ነፋስ እንቅልፍ በማያውቀው በዩትላንድ ሜዳ ዳር፣
ከኢቨር የገዛሁት ግቢ የቲማቲም ቤት ነበረው፤
ግድግዳው መስታወት፣ ጣሪያው መስታወት፣ ውስጡ ሞቃት አፈር።
ሻጩ ሁሉን ቆጠረልኝ፤
የሚያፈሰውን፣ የተሰነጠቀውን፣ የዛገውን ማጠፊያ፤
ልጆች እንዳሉበት ግን አላነሳም፣
በሰሜኑ ግድግዳ፣ ከበሩ መግቢያ።

በሚያዝያ፣ ባልዲ ይዤ የበረዶውን ወራት ሻጋታ ሳጥብ፣
ከስፖንጄ ሥር ፊት ወጣ፤
ከሰል የመሰለ፣ ዓይኑ ብቻ ብርሃን የሚያነጥብ።
ደንግጬ ቆምኩ። ግን ዘግይቻለሁ፤
የአንዱን ግራ እጅ ከነሻጋታው ጠርጌ ጥያለሁ።
ሌላ ፊት፣ ሌላም። አራት ሆኑ፤
ሰማያቸው ጥቁር፣ ጥላቸው ነጭ፣
ዓለማቸው እንደ ኪስ የተገለበጠ።

ሞቀኝና ጥቁር ካፖርቴን
ከውስጥ በኩል በምስማር ሰቀልኩ።
ዞሬ ከደጅ ሳይ፣
ጥቁሩ ከኋላቸው ቢቆም ልጆቹ ነጡ፤
ጨለማ ጀርባ ቢሆናቸው ወደ ብርሃን ወጡ።

የእንጨት ጫማ ተጫምተዋል፤
ትልቁ የአባቱን ኮት ለብሷል፣ እጅጌው ጉልበቱን የሚዳስስ፤
አንዷ ከንፈሯን ነክሳለች፣ ሳቋ እንዳይፈስ።
ከኋላቸው ለማገዶ የተቆረጠ የረግረግ አፈር ክምር።
ትንሹ ዶሮ ታቅፏል።
ባለ ካሜራው «አሥር እስክቆጥር ማንም እንዳይነቃነቅ» ብሎ ይሆናል፤
ልጆቹ ሰሙት፤ ዶሮዋ ግን ቁጥር የት ታውቃለች፤
ግራና ቀኝ ስትቃኝ
ሁለት ራስ አብቅላ ቀረች።

እኔ የምወደው ያንን አሥር ነው።
አንድ ካለበት አሥር እስኪል
ላም ያልመለሱበት፣ ውሃ ያልቀዱበት፣
«የት ገባህ?» ተብለው ያልተጠሩበት።
ምንም ሳይሠሩ እንዲቆሙ የታዘዙት
በዕድሜያቸው ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጎረቤቴ ዳግኒ በምርኩዟ መጣች፤
መነጽሯን ወለወለች፤ ብዙ ዝም አለች።
«ስማቸውን አላውቅም» አለች፣
«ይሄ ጆሮ ግን የእኛ ነው።»
ሻሿን ገልጣ አሳየችኝ፤
እንደ ድስት እጀታ ወጣ ያለ፣
ሰማንያ አራት ዓመት የተሳቀበት፣
ዛሬ ግን ባለቤቱ የኮራችበት።

ስንት በጋ ፀሐይ በእነሱ በኩል አልፋ
የማታውቃቸውን ሰዎች ቲማቲም አቅልታለች!
አሁን አውርጃቸዋለሁ። ቦታቸው አዲስ መስታወት ገብቷል፤
እነሱ ሳሎን ናቸው፣ ከመስኮቱ ራቅ ብለው፣
ካፖርቴን ተደግፈው።
ዝናብ በመጣ ቁጥር
ወደ ጓሮ የምሮጠው በሹራብ ነው።