ሆደ ባሻ ሆድ

ሠላሳ አንድ ዓመት ወንፊት ስነቀንቅ፣
የኢሳብጎልን ፍሬ ከልብሱ ስነጥቅ፣
ብናኙ ቅንድቤን ሲያሸብት ከጥዋት፣
ገለፈቱን ስሸክፍ ለማላውቀው ቤት፣
«ሐምቡርግ»፣ «ሮተርዳም» ጆንያው ላይ ስጽፍበት፣
አንድ ቀን በምላሴ አልሞከርኩት፤ እውነት።

ሆዴን ግን ጠይቁኝ። እሱ ሆደ ባሻ፣
ሰበብ የማያጣ ለኩርፊያው መነሻ፤
አለቃ ሲቆጣ ተነፍቶ ያጓራል፣
ልጄ ስትፈተን እሱ ቀድሞ ይወድቃል፣
ሦስት ቀን ቆልፎ በአራተኛው ይጎርፋል።

ከኡንጃ ፓላንፑር በአውቶቡስ ስሄድ
ሽንት ቤት ነው የማውቀው፣ ከተማም አይደል መንገድ፤
የቱ በር አይዘጋም፣ የቱ ባልዲ ደርቋል፣
የትኛው ዘበኛ ጉርሻ ሳያይ ቁልፍ ይደብቃል።
በወንድሜ ሠርግ ዕለት፣ ሙሽራው በፈረስ ሲመጣ፣
እኔ በጓሮ በር ሾልኬ ስወጣ፣
«አበባ ሊያመጣ ነው» አለች ዳክሻ፣ ሚስቴ፤
ባዶ እጄን ተመለስኩ፣ ላብ እየወረደ ከፊቴ።

ወገብ ቢሆን ኖሮ በሻይ ላይ ይወራል፤
ይኼ ሆድ ይፍጀው ነው፤ ሆድን ሆድ ይፈጀዋል።

የአሕመዳባዱ ሐኪም ባለመብራት ቱቦ ሰደደና አየ፤
«ቁስል የለ፣ ደም የለ፣ ምንም የለብህ» ብሎኝ ተለየ።
ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ፤ ምክንያቱም
ያመመኝ አመመኝ፤ ምስክር የለውም።
በሩ ጋ ስደርስ ነው «አሰር ብላ» ያለኝ፤
«የቱን?» አላልኩትም፤ እሱም አልነገረኝ።

ፉርሽካ ገዛሁ፣ ለጎሽ የሚሰጠውን፤
ጥዋትም እሱን፣ ቀትርም እሱን፣ ማታም ከቂጣ ጋር እሱን።
ሆዴ ከበሮ ሆነ። አንድ ሌሊት ከጋጣ
የጎረቤት ጎሽ አገሣች፤ መልሱ ከእኔ ሆድ መጣ።
ዳክሻ በጨለማ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤
ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና አለቀስሁ።

የመህሳናዋ ሐኪም፣ ዶክተር ኒሩፓማ፣
ወንበሯን አስጠጋች ገበናዬን ልትሰማ፤
ጥፍሬ ሥር የቀረውን ነጭ ብናኝ አይታ
«የት ነው የምትሠራው?» አለች፣ ድምጿን ገትታ።
ነገርኳት። ብዕሯን አኖረች፤ ከንፈሯን ነከሰች፤
ሳቋን ዋጥ አድርጋ እንዲህ ስትል ጀመረች፦

«አሰር ሁሉ አንድ አይደል። ፉርሽካው መጥረጊያ ነው፤
ሆደ ባሻን በመጥረጊያ ሊያባብል የሚነሣ ማነው?
ሌላ አለ፤ ውኃ ሲያገኝ እንደ ተልባ የሚለሰልስ፣
የላላውን የሚሰበስብ፣ የደረቀውን የሚያርስ፣
ጀርባህ ተሸክሞት የኖረ፣ እስከ ዛሬ ድረስ።
በግማሽ ማንኪያ ጀምር፤ በሳምንቱ ጨምር፤
ውኃ አትንፈገው፤ ደረቁን አትሞክር።
ይፈውስሃል አልልም፤ ላንዱ ይበጃል፣ ላንዱ እንጃ፤
አንድ ወር ቅመሰውና ንገረኝ፤ በል ሂድ ወደ ኡንጃ።»

ኩንታል የማይከብደው ይኼ ክንዴ፣ ያን ማታ
በግማሽ ማንኪያ ፊት ተንቀጠቀጠ፣ ተረታ።
ዳክሻ በሩን ተደግፋ፣ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ቆማ፣
የፈተና ውጤት እንደሚነበብላት ሰው ዝም አለች፣ ልትሰማ።
ብርጭቆው ውስጥ አበጠ፣ እንደ ደመና ሰፋ፤
ጠጣሁት። ጣዕም የለውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ስነፋ
ምን ጠብቄ ነበር?

ሦስተኛው ወር ነው። ዛሬም ያኮርፋል ሲሻው፤
ሽንብራ የበላሁ ለት ማንም አያባብለው።
ግን ትናንት በፓላንፑር አውቶቡስ፣ ከበሩ ሥር ሳይሆን
በመስኮት ተቀመጥኩ፤ አየሁ ያላየሁትን፦
መንገዱ ዳርና ዳር ኢሳብጎል፣ ጉልበት ድረስ፣
ራሱን አንጋጦ፣ ለማጭድ ሲደርስ።
ደርሶ ዝናብ ከነካው ፍሬው ይረግፋል፣ ያልቃል፤
እንደ ገበሬ ሰማዩን አየሁ። አንድ ደመና፣ ትንሽ፣ ያልፋል።