ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት

ተረኛ ነኝ ዛሬ፤
ከዚራ ላይ ያለች አንዲት መድኃኒት ቤት፣
ሰዓቱ ዐሥር ሆኗል፣ አልበረደም ሌሊት።
ማራገቢያው ዞሮ ያንኑ ወበቅ ነው መልሶ 'ሚሰጠኝ፣
ከዘበኛው ሌላ የኒሙ ዛፍ ብቻ ነቅቶ 'ሚጠብቀኝ።

ስልኬን አስደግፌ ከሽሮፕ ጠርሙስ ላይ፣
ሽልማት አያለሁ፣ ከባሕር ማዶ ያለ የከዋክብት ሰማይ።
ቀዩን ምንጣፍ ረግጦ የሚያልፍ የተወለወለ ጫማ፣
ሦስት ሰው የሚያነሳው ቀሚስ፣ የድንኳን ሸማ፣
አንዱ ሲስቅ ደግሞ ጥርሱ አዲስ ሰሃን፤
ዳኛ ማን ሾመሽ አትበሉኝ፣
እንቅልፌን ከፍዬ ነው የገዛሁት ሥልጣን።

እውነቱን ልናገር፣
ከታጩት ፊልሞች አንዱንም አላየሁ።
እዚህ አይደርሱማ፤ ቢደርሱም በዓመቱ፣ ያኔ ረስቻለሁ።
የምፈርደው ታዲያ በፖስተሩ ቀለም፣ በስሙ አወራረድ፣
በተዋናይዋ ዐይን፣ ሳታለቅስ በፊት እንደ ክብሪት ሲነድ።

ያየሁትማ ሌላ ነው።
ከመጋላ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ክዳኑ እሳት የሚተፋው
ቪዲዮ ቤት ነበር። ሰሌን ነው ምንጣፉ፣
ቃሚዎቹ ከፊት፣ ልጆች ከበስተኋላ ተጣብቀው 'ሚያርፉ።
ሴት ልጅ አይገባም።
ኮፍያ ደፍቼ እስከ ዐይኔ ድረስ፣
በወንድሜ ቁምጣ እገባ ነበረ፤
ቀሚሴ በፌስታል፣ ስንወጣ የሚለበስ።

ፊልሙ የህንድ ነው፣ የሚነበብ ጽሑፍ የለ፤
ሮብሌ ጉሌድ ግን ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ አለ።
ማይኩን በእጁ ይዞ፣ ጉንጩ በጫት ሞልቶ፣
አንድ ቃል ህንድኛ ሳያውቅ ሁሉን ቃል ፈትቶ፣
አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሱማልኛ ቀላቅሎ፣
ሽማግሌ ሆኖ ሲስል፣ ሙሽራ ሆኖ ሲሽኮረመም፣
ሽፍታውን ሲቆጣ «አቦ ልቀቃት!» ብሎ።
የህንዷ እናት በሮብሌ አፍ
«ደቻቱ ሳይሞላ ቶሎ ግባ» ትላለች ልጇን፤
ፖሊሱም ሻንጣ ይዞ፦ «ከባቡሩ ውረድ፣ ኮንትሮባንዱን አሳየን!»

አንድ ቀን፣
ያቺ ቢጫ ለባሽ፣ በዝናብ ውስጥ ስትዘፍን የነበረች፣
በጥይት ተመታ ከደረጃ ወደቀች።
ወንድሜ ኢዩኤል አለቀሰ፤
ሰባት ዓመቱ ነው፣ ጩኸቱ ቆርቆሮውን በጠሰ።
ሮብሌ ዞር ብሎ አየው። ጫቱን ተፋ። ማይኩን አስጠጋ፤
«ሐኪሙ ምን አለ? ደክሟት ነው፣ ተኝታለች፣ ትነሳለች ሲነጋ።»
ምስሉ ላይ እንጨት ይከመራል፣
እሳት ይለኮሳል፤
ሮብሌ፦ «አገሯ ብርድ ነው፣ እያሞቋት ነው» ይላል።
አዋቂዎቹ ዝም።
ቃሚው፣ ሹፌሩ፣ ሲጋራ ቸርቻሪው፣ አንድ ሰው አልሳቀም።
ካደግሁ በኋላ ያንኑ ፊልም አገኘሁት፣ ከነትርጉሙ።
ሐኪም የለም።

ይኸው ሊነገር ነው፤ የዓመቱ ምርጥ ፊልም። ፖስታው ሊቀደድ ነው።
መስኮቱ ተንኳኳ።
አንድ አባት፣ ልጁን በፎጣ ታቅፎ፣ «ፍም ሆኗል፣ ንኪው» ነው።
የሚበጀው ሽሮፕ ስልኬን ያቆመው ነበረ፤
ጠርሙሱን አነሳሁ፣ ስልኬ ወለሉ ላይ ተፈጠረ።
«በየስድስት ሰዓቱ፣ በዚች ማንኪያ ልክ፣ አትርሳ» አልሁት።
ብሩን እየቆጠረ ከወለሉ ብርሃን አየ። «ፊልም ነው? ማን አሸነፈ?»
«እንጃ» አልሁት።

ሳነሳው መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ምስል አለ፣ ድምፅ የለ።
አንድ ሰው ሐውልት ታቅፎ ያለቅሳል፣ ከንፈሩ አላቆመ፣ ምን እንዳለ።
ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
«አቦ፣» አልሁ በሱ ፈንታ፣ «ይሄ ነገር ከባድ ነው፣ ነሐስ ነው መሰለኝ፤
ለአንድ ሰውዬ ስጡልኝ፣ ቁምጣውን አይቶ፣ ፌስታሉን አይቶ፣ ዝም ብሎ ላሳለፈኝ።
ዛሬ የሰዓት ባትሪ ይሸጣል፤ ድምፁ ተዘግቷል፤
ሐሙስ ሐሙስ ለግፊቱ ኪኒን ይወስዳል፣
ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል…»

ዘበኛው አንገቱን አስገባ በመስኮት፤
«ምን እያለ ነው?» አለኝ።
«ቆይ» አልሁት፣
ቴርሞሜትሩን ወደ አፌ አስጠጋሁት።