የዘዴኞች ክረምት

ሰኔ ሠላሳ ማታ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣
ሁሉም ወንበሩን ሻማው ዙሪያ አስጠግቶ፣
«ጽሕፈትሽ ያምራል» ብለው ደብተሩን ሰጡኝ፣
በአንድ ድምፅ፣ ሳልጠየቅ፣ ጸሐፊ መረጡኝ።

መጋቢ ይማም ተነሡ፦ «ሜቶዲስት ማለት ዘዴኛ ነው፣
ያለ ዘዴ የሚሮጥ ጫማውን ነው የሚጨርሰው።
ግብ ጻፉ፤ ግቡም ቁጥር ይኑረው።»
ሰፈሩም ሰምቶ ነው መሰል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ
«ዘዴኞቹ» ይለናል፣ ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ አሽሙሮ።

ጻፍሁ።
ግብ አንድ፦ ስድሳ ልጅ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ፣
ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በነፃ፣ አስተማሪዎቹ እኛ።
ግብ ሁለት፦ አራት መቶ ችግኝ ከጦሳ ሥር፣
ወይራና ጽድ፤ ባሕር ዛፍ እንዳይጨመር።
ግብ ሦስት (ይኼን ኢዮስያስ ነው ያስጻፈው፣ ቆሞ፣
«ድምፅ ማጉያ እንግዛ» ሲል ሦስት ሳምንት ከርሞ)፦
«ድምፃችን በከተማው ይሰማ።» አሰመርሁበት።
በጀት፦ ዐሥራ ሁለት ሺህ፤ ግማሹ በእጅ፣ ግማሹ በእምነት።

በማግሥቱ ሐምሌ ገባ።
ከዚህ በኋላ ቤት አይመታልኝም።
የደሴን ሐምሌ ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ልንገረው?
ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ እስከ ቧንቧ ውሃ ይወርዳል፣
የታጠበ ልብስ ሳምንት ገመድ ላይ ሰንብቶ
እንደ ወጣ ርሶ ይገባል።
አዳራሻችን ደግሞ ቆርቆሮው ራቁቱን ነው።
ኮርኒስ የዛሬ ሦስት ዓመት ዕቅድ ውስጥ ነበረ።

ዝናቡ ሲወርድ የመጋቢ አፍ ሲከፈት ይታያል፣
ቃሉ አይደርስም።
ኤፍራታ ጅማቷ እስኪገተር ትጮኻለች፦
«ሰባት ሲባዛ በስምንት!»
ከኋላ ያሉት «አሜን» ይላሉ።
ድምፅ ማጉያው ተገዛ።
ዝናቡን አጎላው።

የወፍጮ ቤቱ የጋሽ እንድሪስ ልጅ፣ ሰዓዳ፣
ፊት ወንበር ላይ ነበረች። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ።
አባቷ በር ድረስ አምጥተው «ሒሳብ ብቻ፣ አደራ» ብለውኛል፤
እኔም መዝገቡ ላይ «ሒሳብ ብቻ» ብዬ አስፍሬያለሁ፣
ቀጥዬም፦ «መስማት የተሳናት።»
እኛ ጆሮ ለጆሮ ተጣብቀን ስንጯጯህ
እሷ ስሌቱን ጨርሳ
ምን እንደነካን ግራ ገብቷት ታየናለች።
ዝናብ ለሷ መስኮት ላይ የሚንሸራተት ነገር ነው፤ በቃ።

አንድ ማክሰኞ ተነሥታ ጠመኔውን ከኤፍራታ እጅ ወሰደች።
ሰባትን በጣቷ ሠራች። ስምንትን።
ሃምሳ ስድስትን አየር ላይ አስቀመጠችው፣
ልጁ ሁሉ አንሥቶ ወሰደው።
በሳምንቱ ፊደል ጀመረች፦
ሀን በአንድ ቅርጽ ይዛ፣ ለሁ እጇን አንቀሳቀሰች፣
ሂ፣ ሃ፣ ሄ፤ ያው እጅ፣ ሌላ መንገድ፤
ሃያ ዓመት ፊደል ስጽፍ
ሲራመድ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ነሐሴ አጋማሽ፣ ጋሽ እንድሪስ ልጃቸውን ሊወስዱ መጡ፣
ዱቄት ቅንድባቸው ላይ፣ ጃንጥላቸው የተሰበረ።
በሩ ላይ ቆሙ። አርባ አንድ ልጅ፣ ጸጥ ብሎ ያወራል።
ጆሮዬ ሥር መጥተው ጮኹ፦
«እኔም ቀኑን ሙሉ ከወፍጮ ጋር ነው የምጮኸው።
‹ራበሽ ወይ?› እንዴት ነው የሚባለው?»
አሳየኋቸው። ሁለቴ ተሳሳቱ።
ሰዓዳ አባቷን አየች፣
መለሰችም፤ ረጅም መልስ ነበር፣
ግማሹ አልገባኝም።

ጳጉሜን ሦስት፣ ሪፖርት። ቆሜ አነበብሁ።
ልጆች፦ አርባ አንድ።
ችግኝ፦ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት፤ ዐሥራ ዘጠኙን ፍየል በልታለች
(የፍየሏ ባለቤት ከመካከላችን ነው፣ ስሙን አልጽፍም)።
ግብ ሦስት...
እዚህ ስደርስ ጣራው ጀመረ።
ደብተሩን ወንበር ላይ አስቀምጬ
የቀረውን በእጄ ነገርኋቸው።
ስስት ሰዓዳ ታርመኝ ነበር፤
«ሪፖርትም ሒሳብ ነው» ብለው አባቷ ፈቅደውላት።

ማታ ቃለ ጉባኤውን ስገለብጥ
«በአንድ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ነበር፤ ሰረዝሁት።
«በእጅ ጸደቀ።»
ኮርኒስ ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል።