እንደ ነበረ

አሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ስንደርስ ሊፍቱ አቃሰተ፤
የኢንሹራንሱ ድርጅት ምንጣፉን ጥሎ ነው የሞተ።
ሦስት የቀን መቁጠሪያ፣ አንድ የደረቀ ዘንባባ በገንቦ፣
በመስታወቱ ማዶ ማናማ፣ ባሕሩ ላይ ድልድዩ ተስቦ።

ዩኒቨርሲቲው ለአምስት ዓመት ተከራየው፤
የንግድ ትምህርት ቤት ይሁን አለ፤ እኔን ላከኝ ልለካው።

ሜትሬን ዘረጋሁ። ከወለል እስከ ጣሪያ ሁለት ከሰባ፤
መቶ ሃያ ተማሪ እዚህ ትንፋሹን ይዞ ይግባ?
ቢሮ ጠዋት አንዴ ገብቶ ማታ አንዴ ይወጣል፤
ተማሪ ግን በየሰዓቱ እንደ ጎርፍ ይመጣል።
አራት ሊፍት፣ ስምንት ስምንት ሰው፤
የቀረውን ሒሳብ ማን ይሥራው?
"ደረጃ አለ" አለኝ ሳጂቭ፣ ሽቦ በትከሻው ጠምጥሞ፤
"ደረጃ ፍለጋ አይደል የሚመጡት?" አልሁ በአማርኛ፤
ሳይገባው ሳቀ ደግሞ።

ወለሉ መጽሐፍ አይችልም፤ ለወንበርና ለወረቀት ነው የተሰላ፤
መደርደሪያውን ወደ ማህሉ ገፋን፣ ከሊፍቱ ጉድጓድ ኋላ።

ምሰሶው ግን!
ከትልቁ አዳራሽ መሃል፣ ሰማንያ በሰማንያ፣
ሰባት ፎቅ በራሱ ላይ ተሸክሞ፤
ተከራይ አይደለም እሱ፣ አይሰጠውም ማስለቀቂያ።
ሰባት ዕቅድ ሣልሁ። በሰባቱም መምህሩ ይጋረዳል፤
ከግራ የተቀመጠ ሁሉ ሲሚንቶ ይማራል።
ዶክተር ኸውላ፣ ዲኗ፣ ሰባቱንም አጣጥፋ ከቦርሳዋ ከተተች፤
"ከመስከረም በፊት" አለች፤ ሌላ ቃል ሳትጨምር ወረደች።

ማታ፣ መብራቱ ግማሹ ጠፍቶ፣
አንድ ባልዲ በእግሩ ጎማ እየተንኳኳ መጣ።
"ወረቀትህን አንሣ፣ ልወልውል" አለችኝ በዐረብኛ፤
የጻፍሁትን ፊደል ስታይ ቆመች፤
"ሐበሻ ነህ እንዴ?" በእኛ።

የሐይቅ ልጅ፣ ሩቅያ፤ ስሟ ራሱ ሩቅ አለው ከውስጡ፤
ስድስት ዓመት ይህን ፎቅ ወለወለች፣ ኢንሹራንሶቹ ገብተው እስኪወጡ።
ጎንበስ ብላ ዕቅዱን አየች፣ ጣቷን ሳታሳርፍ፣ እርጥብ ነበርና፤
"መምህሩን እዚህ አታቁመው፣ በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ትገባለችና
ዓይኑን ትወጋዋለች።
የድሮው ሥራ አስኪያጅ ጠረጴዛውን ሦስቴ አዙሯል፤
በመጨረሻ ጀርባውን ለምሰሶው ሰጠ፤
ከዚያ ወዲህ ምሳ በልቶ በሰላም ተኝቷል።"

ጀርባውን ለምሰሶው!
ወረቀቱን አዞርሁት፣ ዘጠና ዲግሪ፣ እንደ ትሪ፤
ምሰሶው ከመምህሩ ኋላ ገባ፣
ሰሌዳ አሸክመን አደረግነው ተቀጣሪ።
ወለሉ ወለል አለ።

በመስከረም ሰልፉ ከሊፍቱ በር እስከ መንገዱ ተሳበ፤
ሁለት ልጆች በደረጃ ወጡ፤ አንዱ አሥረኛው ላይ ቀረ፣ ላብ እያነበበ።
ያን ቀን የባለ ሕንፃው ወኪል፣ ጃዕፈር፣ ውሉን ይዞልኝ መጣ፤
አንቀጽ ሃያ ሁለት፦ "ተከራይ ሲለቅ ያቆመውን ሁሉ ያንሣ፤
ቤቱን እንደ ነበረ ይመልስ፣ የሚስማር ቀዳዳ እንኳ አይርሳ።"
ውሉን አነበብሁት። ውሉ ጠፋኝ።
እንደ ነበረ ማለት ምንድን ነው? ግራጫው ምንጣፍ?
የደረቀው ዘንባባ፣ ወይስ የሥራ አስኪያጁ እንቅልፍ?

ማታ ለሩቅያ ነገርኋት።
አዳራሹ ውስጥ ነበረች፣ ከወንበር ሥር ብዕር እየለቀመች፤
ሰባት ብዕር በአንድ እጇ።
"የእኔም ውል እንዲያ ይላል" አለች።
"ሲያበቃ እንደ መጣሽ ትመለሻለሽ።"
ብዕሮቹን መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ።
"ግን ስገባ፣" አለች፣ "ማን ለካኝ?"

ሜትሬ ኪሴ ውስጥ ነበር።
አላወጣሁትም።