ከበሩ ወዲህ

ከኤቫንስተን ወጣሁ፣ ገና ጎሁ ሳይቀድ፣
ሰማንያ ማይል ሙሉ፣ እስከ ሶልት ሌክ የቁልቁለት መንገድ፤
ከረባቴን ያሰርኩት ነዳጅ ማደያ ቆሜ፣
በመኪናው መስታወት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ።
ዛሬ ኮሪን ትዳራለች፣ በዚያ በግራናይቱ ቤት፣
እኔ ግን ሞርሞን አይደለሁም፤ የለኝም የመግቢያ ወረቀት።
‹አባዬ፣ ከአበቦቹ ጋ ጠብቀን› ብላ ጽፋልኛለች፣
‹ስወጣ መጀመሪያ የማቅፈው አንተን ነው› ብላለች።

በሩ ላይ ሁለት ወጣት ሴቶች፣ ደረታቸው ላይ ስም ለጥፈው፣
ፈገግታን እንደ ቲኬት ለመጪው ሁሉ ሲያድሉ ቆመው፤
አንዷ የቶንጋ ልጅ ናት፣ ሲስተር ሎሴ የሚሏት፣
ከስሟ ሥር የደሴቷ ባንዲራ ያለባት።
‹ጥያቄ ካለዎት ይጠይቁኝ› አለች፣ ዝቅ ብላ በትሕትና፤
ጥያቄስ ነበረኝ፤ መልሱ ግን በእሷ እጅ የለምና፣
‹መጸዳጃው የት ነው?› አልኳት።
ሳቋን ዋጥ አድርጋ መራችኝ፣
ቅዱስ ቦታ እንደምታስጎበኝ በሁለት እጇ አሳየችኝ።

ግቢው ቱሊፕ በቱሊፕ ነው፣ ቀዩ ከቢጫው ተሰልፏል፣
የወደቀ ቅጠል እንኳ አፍታ ሳይቆይ ይለቀማል፤
በዓምድ ጫፍ ላይ ሁለት ወፎች በወርቅ ተለብጠው ያበራሉ፣
የጥንቶቹን ሰብል ከፌንጣ መንጋ ያዳኑ ናቸው ይላሉ፤
የዛሬዎቹ ዘሮቻቸው ከሥር የድንች ጥብስ ይሻማሉ።
በር በተከፈተ ቁጥር ብድግ እላለሁ ኮቴን ይዤ፣
ነጭ ቀሚስ፣ ሌላ ነጭ ቀሚስ፣ የሰው ልጅ፤ እቀመጣለሁ ፈዝዤ።

ሰዓት ልገድል ገባሁ፣ ጣሪያው እንደ ዔሊ ከጎበጠ አዳራሽ ውስጥ፤
ሲስተር ሎሴ ከመድረኩ፣ እኔ ከኋላ ወንበር ስቀመጥ፣
‹ዝም ብላችሁ ስሙ› ብላ አንዲት ስፒል ከፍ አድርጋ
ለቀቀቻት።
ቅጭል አለች።
ያን ሁሉ ወንበር ተሻግራ መጣች እስከ እኔ ጋ።

ጆሮዬ እንጀራዬ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት በባቡር ሐዲድ፣
የፉርጎውን እግር በመዶሻ ስመታ፣ ድምፁን ስመዝን፣ ስፈርድ፤
ጤነኛው ብረት ይዘምራል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል፤
የእነዚህ ሰዎች ነገር ግን ከማውቀው ሁሉ ይለያል፤
በአንዱ ቤታቸው የስፒል ውድቀት ከዳር እስከ ዳር ይሰማል፣
በሌላው፣ እርምጃ አለፍ ብሎ፣ የልጄ ‹አዎ› እዚያው ይቀራል።

ስትወለድም በር ዘግተውብኝ ኮሪደር ላይ ነበርኩ ቆሜ፣
ግን ጩኸቷ ግድግዳ ጥሶ ገባ እስከ አጥንቴ፣ እስከ ደሜ።
ዛሬስ? ተነሥቼ ሄድኩና በጣቴ አጥንት፣ ቀስ ብዬ፣
ግራናይቱን አንኳኳሁት፤ የሥራ ልማድ፣ ሞኝነት፤ ጆሮዬን ጥዬ።

‹ምን አለዎት?› ይለኛል አትክልተኛው፣ ሽማግሌው ኦርቪል፣ ጓንቱን እያወለቀ።
‹ስንጥቅ የለውም› አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።
‹አራት ልጆች ድሬያለሁ እዚያ ውስጥ፤ አምስተኛው እምነቱን ትቷል፣
እህቱ ስታገባ፣ እርስዎ በነበሩበት ወንበር ላይ ውሏል።›
ሌላ ቃል አልጨመረም። አረሙን ወደ መንቀል ተመለሰ።

ከዚያ በሩ ተከፈተ።
ኮሪን ናት። የሙሽራው ወገን አጨበጨበ፣ ካሜራው ተንጫጫ፣
እሷ ግን በዓይኗ ፈለገችኝ፣ ከአበቦቹ መሃል፣ ከቀይ፣ ከቢጫ፤
ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች፣ ቃሏን ጠብቃ አቀፈችኝ፣
‹ብዙ ቆምክ?› አለችኝ።
‹ኧረ የለም› ብዬ ዋሸሁ። ከፀጉሯ አንዲት ስፒል ሾልካ ድንጋዩን መታች፤
በዚያ ጫጫታ ማንም አልሰማት፤ እኔ ሰማኋት፤ ቅጭል አለች።
ጎንበስ ብዬ አነሣኋት፣ ኪሴ ከተትኳት፤
ማታ ስነዳ፣ ዳገቱ ላይ፣ ወጋችኝ።