ወጪ

ሙሐረቅ ላይ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
ሐሙስ ሲመሽ፣ ፀሐይ ባሕር ስትገባ፣
የቡ ዱዓይጅ መጅሊስ በጫማ ተሞልቷል ደጁ፤
ትውጣ ባዩም ትቅር ባዩም ሁሉም ወዳጁ፣
ሁሉም የሰፈር ልጁ።

ዐሥራ አራት ብርጭቆ ሻይ ትሪ ላይ ደርድሬ
ከመጋረጃው ወዲህ ቆሜአለሁ፤
የማን ሻይ ስንት ስኳር እንደሚሻ አውቃለሁ፤
ሐሳባቸውን ግን ገና እለምዳለሁ።

«ትውጣ!» ይላል ሻሂን፣ የወንድሙ ልጅ፣
ጉልበቱን በመዳፉ እየመታ፤
«ባሕሩ የኛ፣ ወደቡ የኛ፣
ቀረጡን ቆራጭ ግን የሌላ ጌታ!
አንድ ሳጥን ሎሚ ልናስገባ
ለማዶ ቢሮ ደጅ ስንጠና፣
ኅብረት ነው የምትሉኝ ይህን? ኧረ ተዉና!»

ቡ ዱዓይጅ መቁጠሪያውን ገታ አደረገ፤
«ሎሚህን በምን ልታመጣው ነው፣ በታንኳ?
ድልድዩን ቢዘጉት፣ አንተ ልጅ፣
ወተት በስንት ሊሸጥ ነው ለካ?
አክስትህ ማዶ፣ ልጆቿም ማዶ፤
ለቅሶ ለመድረስ ቪዛ ልለምን፣ ሽበቴ ተዋርዶ?»

አንዱ ይነሣል፣ አንዱ ይቀመጣል፣
ከቴሌቪዥኑም ሌላ ጠብ ይመጣል፤
መኪናው ድልድዩ ላይ ሦስት ቀን የቆመበት
ቡ ጁማ ብቻ ዝም ብሏል።
ሽሪምፑ ሸቷል። ምን ይላል?

ወጥ ቤት በኩል ሙኒራ ስልኳን ትታ
ጆሮዋን ከበሩ አስጠግታ፣
(ኒካዋ ከረመዳን በኋላ ነው፤ ሙሽራው የማዶ ልጅ)
«አባቴ ትቅር የሚለው» አለችኝ በሹክሹክታ
«ለኔ ብሎ ነው ወይስ ለወተቱ?»
ሳቀች፤
ሳቋም መሐል ላይ ቆመ፣ እንደ ቡ ጁማ መኪና።

መግባቴ ግድ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳድል
ሽማግሌው ቀና አለ፤
«አንቺስ ምን ትያለሽ? ትውጣ ወይስ ትቅር?»
ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሻሂንም፣ አጎቱም፤
በዚህስ ተስማሙ።
«ሻዩ ይበርዳል» አልኩ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጓሮ
የኛም ሸንጎ ተሰየመ፤
ዘጠኝ ሴት፣ አንድ ዕቁብ፣ አንድ ደብተር፤
የትርንጎ ፊት ከሰመ።
ቀጣሪዎቿ የማዶ ሰዎች ናቸው፤
ነገሩ ሳይለይለት ዕቃ አሰሩ፤
ፓስፖርቷ ከነሱ ፓስፖርት ጋር ነው፣ አንድ ላይ ታስሮ፤
ትሄዳለህ ወይ ተብሎ
ሻንጣ ተጠይቆ ያውቃል ከድሮ?

«በሁለተኛው ወር ዕጣው ወጥቶልሽ
አሁን በልተሽ ልትወጪ?» አለች ንግሥቴ፤
«የቀረውን አምስት ወር ማን ይክፈል? እኔ? እናቴ?
የወጣለት አይወጣም፤ ይህ ነው ደንባችን!»
ውዴ ደግሞ፣ «ደንቡን ስንጽፍ
ሀገር ስትወጣ መች አሰብን?
ደግሞ እሷ መች ወጣች? አወጧት እንጂ።»
ሐሊማት መሬት መሬት ታያለች።
የመጨረሻዋ ዕጣ የኔ ነች፤
የሚጎድለው ከኔ ነው።

እኔም ትናንት በሆዴ የሳቅኩባቸው
የነዚያ ሰዎች ድምፅ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁ፤
«ትውጣ፣ ግን ትክፈል» አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ
«ከየት አምጥታ?» ብዬ ዋለልኩ።

ትርንጎ መሐረቧን ፈታች፤
አርባ ዲናር፣ አንድ የጆሮ ወርቅ፤
(ጓደኛው ድሮ ጠፍቶባታል)
ደብተሩ ላይ አኖረች።
ማንም እጁን አልዘረጋም፣ ማንም አልመለሰላትም።

ቅዳሜ ሌሊት በድልድዩ አለፈች አሉ።
መጅሊሱ አልተበተነም፤ ነገሩ ለሌላ ወር ተቀጥሯል፤
ሻሂን ስኳር ትቷል፣ ቡ ዱዓይጅ ጨምሯል።

ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው። ስሟን አልሰረዝኩም፤
ከጎኑ ግን «ወጪ» ብዬ ጽፌአለሁ፤
ገንዘቡን ይሁን ሴትየዋን፣
ብርጭቆ ሳጥብ አስቤ አስቤ
እስካሁን አለየሁም።