ሰባተኛው ቅርጫት

ሙህዬ በያጁ፣ ጋራዡ ከኛ ማዶ፣
የሞተር ሰንሰለት ከቸርኬ አዋህዶ፣
ዘጠኝ ቅርጫት ሠራ፣ ዘጠኝ የብረት አፍ፤
ተከልናቸው ወስደን ጦሳ ሥር መናፈሻው፣ ከዛፍ መሀል፣ ከገደል ጫፍ።

«ዲስክ ጎልፍ» ነው ስሙ፤ እኛ «ሳህን» አልነው።
በጥቂት ውርወራ ከቅርጫት የገባ እሱ ነው የሚረታ፤
ሌላ የት አየሁ እኔ፣ ትንሽ የቆጠረ የሚያሸንፍበት ጨዋታ።
አንድ ሕግ ደግሞ አለ፣ ፈንታነሽ የማትምረው፦
ሳህን ከወደቀበት ነው የሚወረወረው።
ጭቃ ቢሆን፣ አጋም ቢሆን፣ እዛው ነው እግር የሚተከለው።

ለደሴ ልጅ ዳገት ምኑ ነው?
ኮምቦልቻ ያደገው ጦይብ ግን፣ ሜዳና ሙቀት የለመደ፣
ሦስተኛው ላይ ተቀመጠ፤
«ቀሪውን ጻፉልኝ» አለ፤ ትንፋሹ ቀድሞት ወረደ።

የኔ ጠላት ባሕር ዛፍ ነው።
«ጫካ ማለት» ይላል ሙህዬ፣ «ከመቶው ዘጠናው አየር ነው»፤
የኔ ሳህን ዐሥሩን መርጦ ነው የሚሄደው።
ጧ! ይላል፤ ቅርፊት ይረግፋል፤ ቁራ ይነሣል ከላይ፤
ፈንታነሽ ቁጥር ትጽፋለች፣ ወደ እኔ ሳታይ።

ሰኔ ላይ ነው ነገሩ።
ሰባተኛው ቅርጫት ከሸለቆው ማዶ ነው።
ጉም ከታች ተነሣ፣ እንደ ልማዱ፣ ሁሉን ዋጠው፤
ሰንሰለቱ ብቻ ይሰማል፣ ንፋስ ሲነካው።
በድምፁ ወረወርኩ።
ቢጫዋ ሳህኔ ጉሙ ውስጥ ገባች፤
ሰንሰለት አልጮኸም፣ ግንድም አልጮኸም፤ ቀረች።

ሐምሌን ፈለግኳት፣ ነሐሴን በጃንጥላ፤
ሳህኔን ሳላገኝ ጭቃው ጫማዬን በላ።
«ሌላ ያዝና ቀጥል» አሉኝ። እንዴት ልቀጥል?
ከወደቀችበት ነው፤ የት ወደቀች ልበል?
ወረቀቴ ላይ ከስድስት በኋላ ባዶ።

ጥቅምት ላይ ጉሙ ሲሳሳ በሸለቆው ወረድኩ።
ከእመት ዘምዘም አጥር ሥር ዶሮዎች ከበው ይጠጣሉ፤
አንገት ደፋ፣ አንገት ቀና፣ ሰማዩን ያያሉ።
መጠጫቸው ቢጫ፣ ዝርግ፣ ጠርዙ የተነከሰ፣
በእስክሪብቶ ስሜ ያለበት፣ ግማሹ የፈረሰ።

«የኔ ናት» አልኳቸው።
«ያንተ ናት?» አሉ፤ «ቆርቆሮዬን መትታ ነው የገባች፤
ሕፃኑ ባነነ፣ ጥቁሯ ዶሮ ሦስት ቀን እንቁላል ከለከለች።
አሁን ለምደዋታል። በሌላ ዕቃ ባቀርብ አይቀምሱም።»

ሕጉን ነገርኳቸው፤ ከዚሁ እንደሚወረወር፣
አንዴ ብቻ መሆኑን፣ መልሼም እንደማመጣት።
ሳቁ። ውሃውን ደፉና
በነጠላቸው ጫፍ ወልወል አደረጓት።

እግሬን ከዶሮ ቤቱ አጠገብ ተከልኩ።
ላይ፣ ሩቅ፣ በግንዶቹ መሀል ሰንሰለቱ ያበራል።
ፈንታነሽ ከዳገቱ ጫፍ፣ ወረቀቷን ይዛ፣
«ስንተኛህ ነው?» ብላ ጮኸች።

«ሁለተኛዬ!»

ወገቤን ጠመዘዝኩ፤
የቀረው ጠብታ ከጠርዟ ክብ ሠርቶ ተረጨ፣
ቀዩ አውራ ዶሮ ከኋላዋ ሮጠ።